ባዶውን የማይመለስ ሳህን

ረመዳን በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን፣ እናታችን ጠቅልላ የጨረሰቻቸውን ሳምቡሳዎች በትሪ ላይ ደርድራ ቆጠረቻቸው። 60 ናቸው። በቤታችን ያለነው ግን 5 ሰዎች ነን፤ አባታችን፣ እናታችንና እኛ ሦስት ልጆቿ። እናታችን ትሪውን ትክ ብላ አየችውና «ለካ ግቢው የለም» አለች። ሌላ ምንም አልተናገረችም።

ነገሩ ለእኛም የገባን ያን ጊዜ ነው። እጇ የለመደውን ቆጥሮ ነበር። ዱቄቱን የሰፈረችው፣ ምስሩን የቀቀለችው፣ ሽንኩርቱን የከተፈችው ትተነው ለመጣነው ግቢ ነበር።

ስድስት አባወራ፣ አንድ ማድ ቤት

ያደግነው ከመርካቶ ብዙም በማይርቅ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። በግቢው ስድስት አባወራ ይኖር ነበር፤ አራቱ ሙስሊም፣ ሁለቱ ክርስቲያን። ያለን አንድ የውኃ ቧንቧና አንድ በጭስ የጠቆረ ማድ ቤት ነበር። በረመዳን ከ10 ሰዓት በኋላ ማድ ቤቱ ውስጥ መቆሚያ አይገኝም። አንዷ የአጃ ሾርባዋን ታማስላለች፣ ሌላዋ ዘይቷን ታግላለች፣ ሌላዋ ደግሞ ለሻይ ቀረፋና ቅርንፉድ ትወቅጣለች። ቦታ የጠበባት በራፏ ላይ ከሰል አያይዛ ትጠብሳለች።

ከአንዋር መስጊድ በኩል የመግሪብ አዛን ሊሰማ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው የእኛ የልጆቹ ሥራ ይጀምራል። ሳምቡሳ የተደረደረበትን ሳህን በንጹሕ ፎጣ ሸፍነን ከበር ወደ በር እንሮጣለን። «እማ ናት የላከችው» እንላለን፤ «አላህ ይቀበላችሁ» ወይም «እግዜር ይስጥልን» ተብለን እንመለሳለን።

ሳህኑ ባዶውን ተመልሶ አያውቅም። ከስልጤዋ ጎረቤታችን ቤት ቆጮና አይብ ይዞ ይመጣል። ከወሎዋ እናት ቤት ትኩስ ድፎ ዳቦ ተቆርሶበት ይመጣል። ምንም በሌለበት ቀን እንኳ ሁለት ሎሚ ወይም አንድ እፍኝ ቴምር ጣል ተደርጎበት ይመለሳል። በዚህ ምክንያት በእኛ ቤት የኢፍጣር ማዕድ ላይ ከሚቀርበው ውስጥ እናታችን የሠራችው ግማሹን ብቻ ነበር። ሌላው ግማሽ የግቢው ነው። በአንዲት የቀበሌ ቤት ማዕድ ላይ የስንቱን አገር ሰው እጅ እንቀምስ እንደነበር ያስተዋልነው ዘግይተን ነው።

በግቢው ሌላም ሹመት ነበር፤ ጨው ቀማሽነት። ጾመኛ ሴት የምትሠራውን ሳትቀምስ ነው የምታበስለው። ለሚያበስል ሰው ካስፈለገ በምላስ ጫፍ ቀምሶ መትፋት እንደሚፈቀድ ሊቃውንቱ ያስረዳሉ። እናታችን ግን «ልቤ አይቆርጥልኝም» ትላለች። ስለዚህ ገና ጾም ያልጀመረ ልጅ ይጠራል። ልጁ ጭልፋው ላይ ያለውን እፍ እፍ ብሎ ይቀምስና ፍርዱን ይሰጣል፤ «ያንሰዋል» ወይም «በቃው»። ሹመቱ ከታላቅ ወደ ታናሽ ይወርዳል። ጾም የጀመረ ልጅ ይሻራል፤ ሲሻር ደግሞ ከማዘን ይልቅ ይኮራል።

አራተኛ ፎቅ

አካባቢው ለልማት ሲፈለግ ግቢው ተበተነ። አንዱ ቦሌ አራብሳ፣ አንዱ የካ አባዶ ደረሰው። እኛም በከተማዋ ዳር ካለ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ገባን። እውነቱን ለመናገር አዲሱ ቤት ብዙ ነገር አቅልሎልናል። እናታችን የራሷ ማብሰያ ክፍል አላት፤ ውኃው ከቤት ውስጥ ይቀዳል፤ ዓይኗን ያቃጥላት የነበረው ጭስ ቀርቷል። መብራት ቢጠፋም የጋዝ ምድጃ አለን።

የጎደለው ከበሩ ውጭ ያለው ነው። በደረጃው ላይ የምናገኘው ሰው ሁሉ ሰላም ይለናል፤ እኛም እንመልሳለን። ከዚያ ሁሉም በሩን ዘግቶ ይገባል። ስምንት ወር ስንኖር የፊት ለፊት ጎረቤታችንን ስም አናውቅም ነበር።

ያን የመጀመሪያ ቀን ከ60ው ሳምቡሳ 20 ያህሉን በላን። የተረፈውን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ለሱሁር ተነሥተን ቀዝቅዞ አገኘነው። አባታችን አንዱን አንሥቶ እያየ «ነገ 20 ይብቃን፤ ዘይቱም ዱቄቱም ውድ ነው» አለ። እኛ ሁለቱ ታላላቆች ደግሞ ያሰብነው የእናታችንን ድካም ነበር። ቀኑን ሙሉ ሥራ ውላ ትመጣለች፤ ጉልበቷንም ያማታል። «እማ፣ ከሥራ ስንመለስ መንገድ ላይ ትኩስ ትኩሱን ገዝተን እንመጣለን፤ አንቺ ሾርባውን ብቻ ሥሪ» አልናት።

እናታችን አልተቆጣችም። «ለ20 ሳምቡሳማ ለምን ሊጥ አቦካለሁ? ግዙ» አለች። የደነገጥነው በዚህ መልሷ ነው። ድካሙን የምትችለው ለሌላ ሰው የሚሆን ሲኖር እንደሆነ ገባን። ለእኛ ብቻ ከሆነ እጇን ታጥፋለች። እሷ እጇን ካጠፈች ደግሞ የቤታችን ረመዳን በፌስታል ተቋጥሮ የሚመጣ ነገር ይሆናል። ከመንገድ ዳር የሚጠበሰው ሳምቡሳ አይጣፍጥም አንልም፤ ይጣፍጣል፤ ብዙ እናቶችም የሚተዳደሩበት ሥራ ነው። ነገር ግን ከቤት ወጥቶ በሌላ ሰው በር አይገባም። ሳህን አይፈልግም።

የቀረበው በር

በማግስቱ ምሽት አባታችን ከተራዊሕ ሲመለስ ሐሳቡን ቀይሮ መጣ። «ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ሁለት ጎረቤት ቢኖረኝ ስጦታውን ለየትኛው ልላክ ብላ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ስትጠይቅ፣ በሩ ይበልጥ ለሚቀርበው ብለው ነው የመለሱላት» አለን። አቡ ዘርንም ሾርባ ሲሠራ ውኃውን አብዝቶ ጎረቤቶቹን እንዲያስብ መክረውታል። ይህን ትምህርት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። በግቢው ሳለን ግን በሩ ሁልጊዜ ክፍት ስለነበር የትኛው በር ይቀርባል ብለን መለካት አላስፈለገንም። አሁን ለካን። ከእኛ በር እስከ ፊት ለፊቱ በር ሦስት እርምጃ ነው።

በዚያ በር ላይ የመስቀል ምስል ተለጥፏል። እናታችን ለጥቂት ጊዜ አሰበች። «እሷም ጾም ላይ ናት» አለች።

እንዲህ የሆነው በአጋጣሚ ብቻ አይደለም። የሒጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን በመሆኑ ረመዳን በየዓመቱ ከ10 እስከ 12 ቀን ቀደም እያለ ይመጣል። በእነዚህ ዓመታት በዚህ ጉዞው ከዐቢይ ጾም ጋር ተገናኝቷል። በ2016 ዓ.ም. ሁለቱም ጾሞች መጋቢት 2 ቀን፣ በአንድ ሰኞ ገብተው እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ረመዳን ወደፊት እየቀደመ ሲሄድ መገናኘታቸው ያበቃና ሌላ ትውልድ እስኪደርስ ይቆያል።

እናታችን ያየችው ነገር እኛ ያላየነው ነበር። በአገራችን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ሰርግና ለቅሶ አብረው ይውላሉ፤ ማዕድ ላይ ሲደርሱ ግን በሥጋው ይለያያሉ። ለዚህ ነው በየድግሱ የሙስሊም ተብሎ ለብቻ የሚሠራው። ሁለቱ ጾሞች በተገናኙበት ወር ግን የክርስቲያኑ ቤት ሥጋ አይገባም። የምስር ሳምቡሳ ደግሞ ሥጋም ቅቤም ወተትም የለበትም። ለእኛ የኢፍጣር ነው፤ ለእሷ የጾም ነው። አንዱ ሳምቡሳ ለሁለቱም ቤት ይሆናል።

እናታችን እንዴት ትሠራዋለች?

ለ60 ሳምቡሳ 1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት ትነፋለች። ጨው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ለብ ያለ ውኃ ጨምራ ጠንከር ያለ ሊጥ ታቦካለች። ሊጡን በጨርቅ ሸፍና ለግማሽ ሰዓት ታሳርፈዋለች። ከዚያ በ30 ቦታ ታድቦለቡለዋለች። እያንዳንዱን በመጠኑ ትዳምጥና ዘይት ቀብታ፣ ዱቄት ነስንሳ አራት አራቱን ትደራርባለች። የተደራረበው አንድ ላይ በመዳመጫ ሲገፋ እኩል ይሳሳል። ምጣድ ላይ ሁለቱንም ፊት ለአፍታ ብቻ ታሳየዋለች። ሳይቀላ ታወጣውና ትኩስ እንዳለ ንብርብሩን ትለያየዋለች። እያንዳንዱን ቂጣ ለሁለት ስትቆርጠው 60 ይሆናል።

ሦስት ሩብ ኪሎ ድፍን ምስር ቀደም ብላ ትዘፈዝፋለች። የምትቀቅለው እንዲበስል እንጂ እንዲፈርስ አይደለም። «ሳምቡሳ ዘይት ውስጥ የሚፈነዳው ምስሩ ውኃ ሲይዝ ነው» ትላለች፤ ስለዚህ በወንፊት አጥልላ በትሪ ላይ ዘርግታ ታቀዘቅዘዋለች። በደቃቁ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ትጨምርበታለች። ቂጣውን እንደ ቀፎ አጥፋ ትሞላና ጠርዙን በውኃ በበጠበጠችው ዱቄት ታጣብቀዋለች። ዘይቱ በጣም ከጋለ ውጭው ይቀላና ውስጡ ሊጥ ሊጥ ይላል፤ ካልጋለ ደግሞ ዘይት ይጠጣል። ቁራጭ ሊጥ ጣል ስታደርግ ቀስ ብሎ አረፋ እያወጣ ከተንሳፈፈ ልክ ነው።

በዚያ ቀን አንድ ነገር ጨመረች። አዲስ ዘይት ከፍታ የምስሩን ሳምቡሳ አስቀድማ ጠበሰች። የሥጋውን የጠበሰችው ለጎረቤቷ የሚሄደው ሳህን ተሸፍኖ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ማንም አያያትም ነበር። «ጾሟን አደራ ተቀብያለሁ» አለች።

ሳህኑ የዘገየባቸው ሦስት ቀናት

ሳህኑን የወሰደው የ9 ዓመቱ ትንሹ ወንድማችን ነው። በሩን የከፈቱት ዕድሜያቸው ከእናታችን የሚበልጥ ሴት ነበሩ። «እትዬ፣ እማ ናት የላከችው፤ የምስር ነው፤ ዘይቱም አዲስ ነው» አላቸው በአንድ ትንፋሽ። ሴትዮዋ ግራ ተጋብተው ሳህኑን ተቀበሉ፤ አመሰገኑና በሩን ዘጉ።

በማግስቱ ሳህኑ አልተመለሰም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። አባታችን «ሰው ሁሉ አንድ አይደለም፤ ልማዳቸው ላይሆን ይችላል» አለ። እኛ ስለ ሳህኑ ማውራት አቆምን። እናታችን ግን ሊጥ ባቦካች ቁጥር ወደ በሩ ታይ ነበር። ሦስት እርምጃ እንዲህ ይርቃል ብለን አናውቅም ነበር።

በአራተኛው ቀን፣ አዛን ሊል ሩብ ሰዓት ሲቀረው በራችን ተንኳኳ። ሴትዮዋ ናቸው። ሳህናችንን ከላይ፣ አንድ ጎድጓዳ ዕቃ ከታች ይዘዋል። ዕቃው ውስጥ ቀዝቀዝ ያለ የሱፍ ፍትፍት አለ። «እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አሉ። «ሳህን ባዶውን መመለስ ነውር ሆነብኝ፤ ቤቴ ያለው ድስት ሁሉ ደግሞ ሥጋ የተሠራበት ነው። ልጄ አዲስ ዕቃ ገዝታ እስክትመጣ ነው የቆየሁት።»

ሁለቱ ሴቶች በሩ ላይ ቆመው ተሳሳቁ። አንዷ በአዲስ ዘይት፣ ሌላዋ በአዲስ ዕቃ፣ የሌላዋን ጾም ሲጠብቁ ነበር የከረሙት። በዚያ ምሽት ቴምራችንን ቀምሰን፣ ውኃችንን ጠጥተን፣ ከመግሪብ በኋላ መጀመሪያ የበላነው የሱፍ ፍትፍቱን ነው። ቀኑን ሙሉ ለደረቀ ጉሮሮ እንዲህ የሚስማማ ምግብ መኖሩን ረስተነው ነበር።

ደረጃው ሲከፈት

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ትልቅ ወሬ አይደለም፤ ግን ይቆጠራል። ከሦስተኛ ፎቅ ሽታው የሳባቸው ከድሬዳዋ የመጡ ቤተሰቦች ሙሽበክ ልከውልን፣ የምስር ሳምቡሳ ይዘን ወረድን። ከታች ያሉ አንዲት አዛውንት ብቻቸውን እንደሚያፈጥሩ የሰማነው በዚያው ሰሞን ነው። አሁን ሾርባቸው ከእኛ ድስት ይሄዳል፤ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ራሳቸው ወደ እኛ ይመጣሉ። ጾመኛን ያስፈጠረ የጾመኛውን ያህል ምንዳ እንደሚያገኝ፣ ከጾመኛውም ምንም እንደማይቀነስበት እናውቃለን። ጾመኛው ግን ሁለት ፎቅ ወረድ ብሎ ብቻውን ተቀምጦ እንደነበር አናውቅም ነበር።

ድካሙስ? ድካሙን ተከፋፈልነው። እንደ እኛ ሁሉም ሠራተኛ ለሆነበት ቤተሰብ የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮች ተምረናል። እሑድ እሑድ ሁላችንም ተቀምጠን የሳምንቱን ሳምቡሳ እንጠቀልላለን። አባታችን ጠርዝ ያጣብቃል፤ መጀመሪያ የጠቀለላቸው አፋቸው ተከፍቶ ዘይቱን አበላሹት፤ አሁን ተሻሽሏል። ሳይጠበስ በትሪ ላይ ለየብቻ ደርድረን ማቀዝቀዣ ውስጥ እናደርቀውና ሲጠነክር በላስቲክ እንቋጥረዋለን። ሲፈለግ በረዶው ሳይለቅ በመካከለኛ እሳት ይጠበሳል። የአጃ ሾርባውን አጥንት እናታችን ማታውኑ ትቀቅለዋለች፤ ከሥራ ስንመለስ አጃውን መጨመር ብቻ ይቀራል። በቴምርና በውኃ አፍጥረን፣ መግሪብን ሰግደን፣ በሾርባ እንጀምራለን። ሳምቡሳው ከዚያ በኋላ ሲመጣ ሁለት ሦስቱ ይበቃል፤ ለተራዊሕም ሆድ አይከብድም። ተርፎ የሚቀዘቅዝም የለም።

የድሮው ግቢ ተመልሷል አንልም። ከስድስቱ አባወራ አንዳንዶቹን የምናገኛቸው በስልክ ብቻ ነው። የስልጤዋ ጎረቤታችን በረመዳን መግቢያ ላይ ደውላ «ዘንድሮ ሳምቡሳሽ አማረኝ» ስትላት እናታችን ስልኩን ዘግታ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላለች። የሚመጣው ቅዳሜ ሁለት ታክሲ ቀይረን ልንጠይቃት ተነጋግረናል፤ ትሪው ተዘጋጅቷል። በዚህ ብሎክም ቢሆን ያልተከፈቱ በሮች ብዙ ናቸው። እኛም ያላንኳኳናቸው ብዙ ናቸው።

ይህን በምንጽፍበት ጊዜ ረመዳን ተጋምሷል። ዘንድሮ ትንሹ ወንድማችን ሙሉ ቀን መጾም ስለጀመረ ከጨው ቀማሽነቱ ተሽሯል። ተተኪ አልነበረንም። እናታችን የመጀመሪያዎቹን ቀናት በግምት ነው ያሳለፈችው፤ አንድ ቀን ሾርባው ጨው በዝቶበት ሁላችንም ዝም ብለን ጠጣነው።

አሁን ግን 11 ሰዓት ሲሆን ከፊት ለፊታችን በር አንዲት የ5 ዓመት ልጅ ትወጣለች፤ የሴትዮዋ የልጅ ልጅ ናት። ሦስቱን እርምጃ ዘልላ ትመጣና ማብሰያ ክፍሉ በር ላይ ትቆማለች። እናታችን ከምስሩ በማንኪያ ጫፍ ቆንጥራ ትሰጣታለች። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ታላምጣለች። እኛም እንደ ድሮው ፍርዷን እንጠብቃለን።

«ትንሽ ጨው» ትላለች።